ለልዩ ፍላጎት ክፍል ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

ሽማግሌ የሚላከው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሴት ልጅ ለመጠየቅ፣ ወይ የተጣላ ለማስታረቅ። እኔ ሦስተኛ ጨምሬበታለሁ። ጨምሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ መጥታችሁ የዩኒፎርም ሰፊዋ ቤት የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ያቺ ለክፍል ሽማግሌ የላከችው?» ብለው በአገጫቸው ያሳዩአችኋል። ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ረግጬ በዚህ መታወቄ አንዳንዴ ይከነክነኛል። አንዳንዴ ደግሞ መቀሴን አስቀምጬ ብቻዬን እስቃለሁ።

ነገሩ የልጄ የፌቨን ነው። ፌቨን ስምንት ዓመቷ ሲሆን ሁለተኛ ክፍል ናት። ወሬ አትወድም፤ በቀን የምትናገረው በጣት ይቆጠራል። በዚህ በአባቷ ወጥታለች እንዳልል አባቷ ክብሮም የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ስልክ ላይ ሲደርስ አያባራም። በእኔማ እንዳልወጣች እያያችሁ ነው። ጫጫታ ከበዛ ፌቨን ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ትከድንና ያገኘችው ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ክብ ነገር ከሰጣችኋት ግን፣ ቁልፍም ይሁን ቆርኪ፣ መሬት ላይ በመስመር ትደረድረዋለች። መስመሩ ከእኔ ስፌት የቀና ነው፤ ይህን የምለው እናቷ ስለሆንኩ ሳይሆን ደንበኞቼም ስለነገሩኝ ነው።

ዓይደር በኩል ያለ ሐኪም አየልኝና ኦቲዝም ይባላል አለኝ። ወረቀትም ጻፈ። ትንሽ ክፍል፣ ጥቂት ልጆች፣ በዚህ የሠለጠነ መምህር ካገኘች ትማራለች፣ ሰማንያ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ግን አይሆንላትም አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ የዘረዘረው ሁሉ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነበረ። በሩ ላይ «የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበት ክፍል አለ። መምህርት ለምለም የምትባል፣ ለዚሁ ሥራ የተማረች መምህርትም አለች። ፌቨን አምና ሁለት ወር እሷ ዘንድ ተቀምጣ ስሟን መጻፍ ጀምራ ነበር። «ፌ» ን ጽፋ «ቨ» ላይ ደርሳ ሳለች ትምህርት ቤቱ አደገ።

እድገት ጥሩ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከከረመ በኋላ ሲከፈት ሁለተኛ ክፍል ሦስት ምድብ ብቻ ነበር። ከዚያ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣው፣ ወደ ውቅሮ መውጫ በኩል አዲስ ቤት የሠራው፣ ተከራይቶ የገባው፣ ሁሉም ልጁን እያንጠለጠለ መጣ። ምድቡ ከ«ሀ» ተነሥቶ «ሰ» ደረሰ። ለእኔ ለሰፊዋ ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ። የጨርቅ ቀለም ሲያልቅብኝ ከየሱቁ እየለቀምኩ፣ የአንዱ ኮሌታ ከሌላው ሳይገጥም፣ ግማሽ ሰሜንን አለበስኩ።

በዚያው ሰሞን የተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫ ጠፋና የፌቨን ክፍል መጋዘን ሆነ። መምህር ጠፋና መምህርት ለምለም ስፖርት እንድታስተምር ተመደበች። አንድ ቀን ዩኒፎርም ላደርስ ስሄድ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰባ ልጅ በአንድ ኳስ ስታጫውት አገኘኋት። ልጆቹ ወደ ግራ ሲሮጡ እሷ ወደ ቀኝ ነው የምትነፋው። «ኳስ በሕይወቴ ረግጬ አላውቅም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ፌቨን ግን ሰማንያ ልጅ ውስጥ ዴስክ ሥር ነበረች።

ርዕሰ መምህሩ መምህር ሀፍቶም ክፉ ሰው አይደሉም። የሱሪያቸውን ወገብ ሁለት ጊዜ አስፍቻለሁ፤ ሲለኩ ትንፋሻቸውን የማይይዙ ቅን ሰው ናቸው። ችግራቸው አንዲት ቃል ናት። ምንም ብትሏቸው «ይታያል» ይላሉ። የክፍሉን ነገር ነገርኳቸው፤ ይታያል። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ይታያል። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ተመልሼ ስጠይቃቸው ከጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ይምጣ አሉ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ጋር ከመላመዴ ብዛት የአንዷን ጉርድ አጠበብኩ፣ የአንዱን ኮት ገበር ቀየርኩ፤ የፌቨን ጉዳይ ግን ያው ይታይ ነበር።

አንድ ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ታየ ማለት ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ። ለካ የታየው ሌላ ነው። የክፍሏ መምህር ተቸግሯልና ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ቦታ እስኪገኝላት ልጅቷ ቤት ትቆይ አሉኝ። ቦታው መቼ ይገኛል ስላቸው መልሱን ታውቁታላችሁ። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። ፌቨን ቤት ከቀረች ያቺ የጀመረቻት «ቨ» ሳታልቅ ትቀራለች፤ ለሌላው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፣ ለእኔ ግን ዓለም ነው። ክብሮም ደውሎ «የመሰለሽን አድርጊ፣ አንቺ መላ አታጪም» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። እንደ እኔ ላለች ሴት ባል እንዲህ ማለት አልነበረበትም።

በማግስቱ ጎረቤቶቼ በአጥር ተጣሉ። ነገሩ ክስ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነበር። አቦይ ገብረመድህንና ሐጂ ይመር ገቡበትና ምሳ ሳይደርስ አስታረቁ። አቦይ ገብረመድህን የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የአጥር ጎረቤቴ። ሐጂ ይመር የወሎ ሰው፣ የአገሬ ልጅ፣ ጨርቅ የምገዛቸው ነጋዴ ናቸው። ሁለቱ ተያይዘው ያልጠየቁት ልጅ፣ ያላስታረቁት ጠብ የለም። ቆመው «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ሲሉ እንቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተነሥቼ ለክፍሉ ሽማግሌ ሁኑልኝ ልላቸው ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አዘኑ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ጥፋቱ ያለው እኔ በሰጠሁት ምክር ላይ ነው። መምህር ሀፍቶም ጉዳዩን ቀድመው ከሰሙ ይታያል ማለታቸው ስለማይቀር፣ እሺ ሳያሰኟቸው ጉዳዩን እንዳይነግሯቸው ለመንኳቸው። ደግሞ መጤ ናት ተብዬ እንዳልናቅ ዘራችንን በደንብ ቁጠሩልኝ አልኩ። በራሴ ብልጠት ተገርሜ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ስገላበጥ አደርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። አቦይ ገብረመድህን ኮታቸውን ለብሰው ጋቢ ደርበዋል፤ ሐጂ ይመር ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው ጥምጣማቸውን አሳምረዋል። እንዲህ ሆነው ሲያዩአቸው ለዴስክ መጋዘን የሄዱ አይመስሉም። እኔ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ፌቨንን ይዤ ከመምህር ሀፍቶም በር ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ጠጠሯን ትደረድራለች፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ አቦይ ገብረመድህን ነገሩኝ። የርዕሰ መምህሩ ባለቤት አደይ አልማዝ በሩን ከፍተው ሁለት ሽማግሌ በክት ልብስ ቆሞ ሲያዩ ሻሻቸውን አጠበቁ። ሰምሃል የምትባል ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ዓይደር በኩል ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ አለቻቸው። ጓደኞቻቸው ሁሉ ልጃቸውን ሲድሩ እሳቸው የሰው ድግስ ሲያግዙ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌዎቹ ግቡ ቢባሉ በሩ ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ።

ከዚያ ዘር መቁጠር ተጀመረ። አቦይ ገብረመድህን የክብሮምን ወገን ከእንደርታ አንሥተው ሰባት ቤት ወረዱ። ሐጂ ይመር ደግሞ የእኔን ጀመሩ። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ የእኔ ሰባት ቤት ሲቆጠር ካሳ፣ አሊ፣ ገብሬ፣ ሙሔ፣ ወልዴ እያለ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን አንዴ ወደ መስጊድ ይሄዳል። አደይ አልማዝ ትንሽ ደንገጥ ቢሉም መጨረሻው ወልደ ሥላሴ ላይ ሲያርፍ ተነፈሱ። ሐጂ ይመርማ ይህን ንግግር ለስንት ሙሽራ አድርገውታል፤ አፋቸው መንገዱን ስለለመደ «የእናንተን ደጅ መርጠን የመጣነው ጨዋነታችሁን ሰምተን ነው» እስከሚለው ድረስ አንድም ቃል ሳይዘሉ ሄዱ። ለማን እንደመጡ ግን የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም በምክሬ ጸንተው አልተናገሩም።

በወጉ ቢሆን ዘመድ እንማከር ተብሎ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። መምህር ሀፍቶምም እንደ ልማዳቸው «ይታያ...» ብለው ጀምረው ነበር። አደይ አልማዝ ከኋላ ቆነጠጧቸው። አቦይ ገብረመድህን ቁንጥጫውን በዓይናቸው አይተዋል።

«እሺ» አሉ መምህር ሀፍቶም። «እሺ ብለናል፤ ተቀመጡ።»

እኔ ከማዶ የማየው ሌላ ነው። አደይ አልማዝ በባዶ እግራቸው ወጥተው ጎረቤት ቤት ገቡ። ከዚያ ቤት ሦስት ወንበር ወጣ። ከሌላው ቤት አንድ ሳጥን ለስላሳ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን እየለበሱ ከየበሩ ተንጠባጠቡ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። እኔ እንግዲህ ምን ልበል? ይህ ሰፈር ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲህ ዓይነት ፍቅር እንዳለው አላውቅም ነበር። ስንት ቀን ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ስንከራተት ሕዝቡ ለካ ከጎኔ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ፌቨንን በእጄ ይዤ፣ እኔም እልልታዬን እያቀለጥኩ፣ መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

አደይ አልማዝ ሲያዩኝ ዕቅፍ አድርገው ሳሙኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እኔም ሳምኳቸው። «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም» አሉኝ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው። መምህር ሀፍቶም «ሰፊያችን? የእናንተ ወገን ነው እንዴ?» ብለው ግራ በመጋባት ጨበጡኝ። አዎን፣ የእኔው ነው አልኩ። ለስላሳ ተከፈተልኝ። የሚከፈተው ብዙ ነበርና ቆርኪው መሬቱን ሞላው።

«ወንድምሽ ነው?» አሉኝ አደይ አልማዝ እጄን ይዘው። «የት ነው ያለው?»

የእንግዳን ዘመድ መጠየቅ ጨዋነት ነው ብዬ በደስታ መለስኩ። «ወንድሜማ ደሴ ነው፤ አግብቶ ሦስት ወልዷል።»

እልልታው መሃል ላይ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ለስላሳውን አፏ ላይ አድርጋ ሳትውጥ ቀረች። «ባለ ትዳር?» አሉ አደይ አልማዝ፣ እጄን ቀስ አድርገው እየለቀቁ። እኔም ነገሩ ስላልገባኝ ሚስቱ ጥሩ ሴት እንደሆነች፣ አራተኛ ልጅም እንዳረገዘች ጨመርኩላቸው። አቦይ ገብረመድህን መሬት መሬት እያዩ ነው። ሐጂ ይመር መቁጠሪያቸውን በፍጥነት ያዞራሉ።

ይህኔ በሩ ተበረገደና ሰምሃል የፋርማሲ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ገባች። እናቷ በስልክ ሽማግሌ መጥቶልሻል፣ አባትሽም እሺ ብሏል ብለዋት ከሥራ በባጃጅ በርራ መጥታለች። ፊቷ ቀልቷል። ለማን ነው የሰጣችሁኝ አለች። ሁሉም እኔን አየ። እኔ ደግሞ ማንን ልይ?

አቦይ ገብረመድህን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቆሙ። በፍርድ ቤት ድምፃቸው፣ የመጣነው ለዚች ሰፊ ልጅ ለፌቨን ነው፣ ጥያቄያችንም የተዘጋው የልዩ ፍላጎት ክፍል እንዲከፈትና መምህርቷ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ነው አሉ። ከዚያ ሰምሃል ሳቀች። ሳቀች ስላችሁ እንዲያው ለማለት አይደለም፤ ግድግዳ ተደግፋ ተንሸራታ መሬት ደረሰች። ሴቶቹ ተከተሏት። አደይ አልማዝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎን ነበር፣ በኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑ ታወቀ። ቤቱ ተናወጠ። መምህር ሀፍቶም ብቻ አልሳቁም። «ይህማ የበጀት ጉዳይ ነው፤ እንግዲህ ይታያ...» ማለት ጀመሩ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሃል ፌቨንን ረስቻት ነበር። ዞር ስል የለችም። ጠረጴዛው ሥር፣ የለስላሳው ሳጥን ጎን፣ ሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ፣ ጉልበቷ አገጯ ላይ፣ ዓይኗ ጭፍን ብሎ ነበር። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእሷ ብዬ በሰበሰብኩት ሰው ጫጫታ ልጄን አስደንግጫታለሁ።

መምህር ሀፍቶም ያዩዋት ያኔ ነው። ዓመት ሙሉ ያዩት ወረቀቷን ነበር። እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። ከዚያ ያ ሁለት ጊዜ የሰፋ ሱሪ ይቀደዳል ሳይሉ ተንበረከኩና ግማሽ አካላቸውን ጠረጴዛው ሥር አስገቡ። አንድ ቆርኪ አንሥተው አጠገቧ አስቀመጡ። ቆየት ብላ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ሌላ ጨመሩ። አንድ እጇ ከጆሮዋ ወረደና ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካከለች። ሦስተኛውን ሲሰጧት ከእጃቸው ተቀበለች።

«አልማዝ፣ ቆርኪ አምጪ» አሉ ከጠረጴዛው ሥር፣ በሹክሹክታ።

የቀረው ለስላሳ ሁሉ ተከፈተ፤ ጠጪ ቢኖርም ባይኖርም። መስመሩ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ የሐጂ ይመር ጫማ ጋ ሲደርስ ፌቨንም አብራው ወጥታ ነበር። መምህር ሀፍቶም ግን እዚያው ቆዩ። ሰምሃል ጎንበስ ብላ «አባ፣ በሽማግሌ ፊት እሺ ብለሃል» አለቻቸው። ሰኞ ክፍሉ ይከፈታል የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ሐጂ ይመር በደንብ አልሰማንም፣ ወጥተህ ንገረን አሏቸው። ወጥተው፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ቆመው ደገሙት።

ሰኞ ዴስኮቹን ያወጣናቸው እኔ፣ መምህርት ለምለም፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ለስላሳ ሲጠጡ የነበሩት ሴቶች ነን። እሺ ሲባል አብሬ ሰምቻለሁ ብለው ምስክርነታቸውን ይዘው ነው የመጡት። ረቡዕ ዕለት መምህርት ለምለም ለአንድ ቀን ብቻ ተብላ ወደ ኳሱ ተመለሰች። ሐጂና አቦይ ሰምተው መጡና የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ቆሙ። ወንበር ቢቀርብላቸው አልተቀመጡም። ፊሽካው በዚያው ቀን ለሌላ መምህር ተሰጠ።

ወሬው ሲሰማ የሌሎች ልጆች ወላጆችም ሽማግሌ መላክ ጀመሩ። የመምህር ሀፍቶም ደጅ እሑድ እሑድ ጋቢ በለበሰ ሰው ተሞላ፤ ክፍሉ አሁን ዘጠኝ ልጆች አሉት። በዚህ መሃል የሰምሃል እውነተኛ ጠያቂዎች መጡ አሉ። ከፋርማሲው ባልደረባዋ ቤት፣ እሷ ራሷ ወዳው፣ በወግ በማዕረግ የተላኩ ናቸው። አደይ አልማዝ በሩን ከፍተው አዩዋቸውና «ልጃችሁ ስንተኛ ክፍል ነው?» አሏቸው። የሙሽራዋን ቀሚስ እኔው እየሰፋሁ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ፌቨንን ልወስዳት ከሰዓቱ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መምህርት ለምለም መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ፌቨን አጠገቧ እርሳስ ይዛ ደብተሯ ላይ አጎንብሳለች። ነይ እንሂድ፣ ቤት እንሂድ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበችና «ኣይከይድን» አለች።

በትግርኛ አልሄድም ማለቷ ነው። እኔ ቤት የማወራት በአማርኛ ነው፤ ይህን ቃል ያገኘችው እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከመምህርቷና ከልጆቹ አፍ ነው። ልጄ አልፈልግም የምትለው በዝምታ ነበር፣ ወይ ጠረጴዛ ሥር በመግባት። ቤት ትቆይ የተባለችው ልጅ በአፏ፣ ዓይኔን እያየች፣ ቤት አልሄድም አለችኝ። መምህርት ለምለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። እኔ ለቅሶም ሳቅም እልልታም አንድ ላይ መጥተውብኝ ነበር፤ እሷን እንዳላስደነግጣት ሁሉንም ዋጥኩ። በሩ አጠገብ ያለች ትንሽ የልጅ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩና በዚያው ቋንቋ «እሺ ጓለይ»፣ እሺ ልጄ፣ አልኳት። ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።